አንድ ግራም ካርቦን ስንት ጥማድ ገጽ አለው?

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ



በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ትርኢት ላይ እኔና አንድ ጓደኛዬ ሦስት ብርጭቆዎች አቅርበን ነበር። ብርጭቆዎቹን ያዩ ሁሉ ስለ ምን እንደ ሆኑ ጠይቀውናል፤ ጊዜው አጭር ስለ ነበረ ግን በሚገባ ለማስረዳት አልቻልንም። ስለዚህ ነገሩን በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ከሥሩ ላብራራ አሰብሁ። ዋናው ጉዳዬ የካርቦን ናኖ ቱቦ በኬሚካል ሲታጠብ የገጹ ስፋት እንዴት እንደሚለወጥ ማስረዳት ነው። ናኖ ቱቦ በትምህርት ቤታችን ስለማይገኝ እኛ የሞከርነው በዘመዱ በከሰል ላይ ነው። ከከሰሉ ያገኘነው ትምህርት ለቱቦውም የሚያገለግል ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አቀርባለሁ።

ገጽ ማለት ምን ማለት ነው?

እናቶቻችን እሳት ሲያቀጣጥሉ ጉንዱን እንዳለ ምድጃ ውስጥ አይከቱትም፤ አስቀድመው ያስፈልጡታል። እንጨቱ ሲፈለጥ ክብደቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጹ ነው። ይህንንም በቁጥር ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስድስት ገጽ ያለው ድንጋይ ብንወስድ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህንኑ ድንጋይ ጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር በሆኑ 1,000 ጠጠሮች ብንቆራርጠው የሁሉም ገጽ ተደምሮ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ድንጋዩ ያው ነው፤ ገጹ ግን ዐሥር እጥፍ ሆነ።

ገጽ የሚፈለግበት ምክንያት ብዙ ሥራ የሚሠራው በገጽ ላይ ስለ ሆነ ነው። የከሰል ዱቄት ቀለም ያለበትን ውሃ ሲያጠራ ቀለሙን እንደ ስፖንጅ የሚመጥጠው ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቀለሙ ሞሌኪውሎች ዝንብ ግድግዳ ላይ እንደምታርፍ በከሰሉ ገጽ ላይ እያረፉ ይቀራሉ። ግድግዳው ሰፊ ከሆነ ብዙ ዝንብ ያሳርፋል፤ ጠባብ ከሆነ ጥቂት። ውሃ ለማጣራት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በገጻቸው ላይ የሚያከማቹ ዕቃዎችን ለመሥራት፣ እንዲሁም የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥኑ ብረቶችን በትኖ ለማስቀመጥ ሰፊ ገጽ ያለው ካርቦን የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቱቦው ምን ይመስላል?

በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ግራፋይት በጣም ስስ የሆኑ የካርቦን ቅጠሎች ተደራርበው የሠሩት ነው። አንዱን ቅጠል ብቻ ለይተን ብናየው አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነው ተያይዘዋል። ይህ ቅጠል እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ዳርና ዳሩ ቢገጣጠም የካርቦን ናኖ ቱቦ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ጫፎቹ እንደ ቆብ ባለ ክዳን የተዘጉ ናቸው። አንድ ግድግዳ ብቻ ያለው አለ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ብዙ ግድግዳ ያለውም አለ። በግድግዳና በግድግዳ መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖ ሜትር ያህል ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ ሁለት የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት ጥቃቅን የካርቦን ቱቦዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥተው ሥዕሉን አሳትመው ነበር፤ ነገር ግን በሌላው አገር ብዙ ሰው አላወቀላቸውም። የዓለም ሁሉ ዓይን ወደ ቱቦዎቹ የዞረው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ዓ.ም. ጥናቱን ካወጣ በኋላ ነው። ባለ አንድ ግድግዳዎቹ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ተገለጡ።

አሁን ወደ አርእስታችን ጥያቄ እንምጣ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ እርሳስ ያለው ሁሉ ሊከተለኝ ይችላል። በቅጠሉ ላይ በሁለት ጎረቤት አቶሞች መካከል ያለው ርቀት 0.142 ናኖ ሜትር ነው። ከዚህ ተነሥተን የአንዱን ባለ ስድስት ማዕዘን ስፋት ብናሰላ 0.0524 ካሬ ናኖ ሜትር እናገኛለን። በአንዱ ባለ ስድስት ማዕዘን ድርሻ ሁለት አቶሞች ስላሉ ለአንድ አቶም የሚደርሰው 0.0262 ካሬ ናኖ ሜትር ነው። በ12 ግራም ካርቦን ውስጥ 6.02 × 10²³ አቶሞች ስላሉ በ1 ግራም ውስጥ 5.02 × 10²² ይገኛሉ። ሁለቱን ብናባዛ፣ አንድ ካሬ ሜትር 10¹⁸ ካሬ ናኖ ሜትር መሆኑንም ብናስብ፣ መልሱ 1,315 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ይህ የቅጠሉ አንድ ፊት ብቻ ነው። ሁለቱም ፊቱ ቢቆጠር 2,630 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ መጠኑ እንደየአገሩ ቢለያይም ብዙ ጊዜ የሄክታር ሩብ፣ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ይቆጠራል። እንግዲህ በጣት ጫፍ የሚያዝ አንድ ግራም ካርቦን ሁለቱም ፊቱ ቢዘረጋ አንድ ጥማድ መሬት ይሸፍናል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ በሐሳብ ነው። በተግባር ሦስት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው፣ ጫፉ የተከደነ ቱቦ የውስጥ ገጹ ተዘግቶበታል፤ የሚቀረው የውጪው 1,315 ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦዎች እንደ መስቀል ችቦ በአንድነት ይታሰራሉ፤ በችቦው መካከል ያለውን ጭራሮ እጅ እንደማይነካው ሁሉ በእስሩ መካከል ያለውንም ቱቦ ሌላ ሞሌኪውል በቀላሉ አይደርስበትም። ሦስተኛው፣ ብዙ ግድግዳ ያለው ቱቦ የመካከለኞቹን ግድግዳዎች ገጽ ለማንም አያሳይም። የውጪው ዲያሜትር 10 ናኖ ሜትር የሆነ ባለ ዐሥር ግድግዳ ቱቦ ብናሰላ የውጪ ገጹ በግራም 190 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጫፉን ብንከፍትለትም ከውስጥ የሚጨመረው 70 ያህል ነው።

ስፋቱ እንዴት ይለካል?

እንዲህ ያለውን ገጽ በገመድ መለካት አይቻልም። ሊቃውንቱ የሚለኩት በናይትሮጅን ነው። ዱቄቱን ከጋዝና ከእርጥበት ሁሉ ካጸዱ በኋላ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ያቀዘቅዙትና ናይትሮጅን ጥቂት በጥቂት ይለቁበታል። የናይትሮጅኑ ሞሌኪውሎች በገጹ ላይ ያርፋሉ። እያንዳንዱ ሞሌኪውል 0.162 ካሬ ናኖ ሜትር እንደሚሸፍን ስለሚቆጠር፣ ገጹን አንድ ጊዜ ለማልበስ ስንት እንደ በቃ ካወቁ ስፋቱን ያገኙታል። የስሌቱን መንገድ በ1938 ዓ.ም. ያወጡት ብሩናወር፣ ኤሜትና ቴለር ስለ ሆኑ በስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ቢ.ኢ.ቲ. እየተባለ ይጠራል። የዚህ መለኪያ መልስ ሁልጊዜ የሚነገረው «በአንድ ግራም ይህን ያህል ካሬ ሜትር» ተብሎ ነው። አንባቢዬ «በአንድ ግራም» የሚለውን ቃል እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሲድ ምን ያደርጋል?

ቱቦዎቹ ሲሠሩ ብዙ ጊዜ የሚያበቅላቸው ብረት፣ ኒኬል ወይም ኮባልት ስለሚጨመር ከምድጃው ሲወጡ ንጹሕ አይደሉም። የብረቱ ቅንጣት ከውስጣቸው ይቀራል፤ ቅርጽ የሌለው የካርቦን ጥላሸትም ይለጠፍባቸዋል። ስለዚህ በናይትሪክ አሲድ ይቀቀላሉ። አሲዱም አራት ሥራዎችን ይሠራል።

በመጀመሪያ ብረቱን ያሟሟል፤ ጥላሸቱንም ያቃጥላል።

ሁለተኛ የቱቦውን ጫፍ ይከፍታል። የጫፉ ክዳን እንዲጎብጥ በውስጡ ባለ አምስት ማዕዘኖች አሉበት፤ በዚያ ቦታ አቶሞቹ ተወጥረው ስለ ተያያዙ አሲዱ ከጎኑ ይልቅ ክዳኑን ቀድሞ ይበላል። የኦክስፎርዱ ማልኮልም ግሪንና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. ቱቦዎችን በናይትሪክ አሲድ ከፍተው ውስጣቸውን በሌላ ነገር ለመሙላት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሦስተኛ በተከፈተው ጫፍና በግድግዳው ስንጥቅ ላይ ኦክሲጅን ያለባቸውን ቡድኖች ይተክላል። በዚህም የተነሣ ቀድሞ ከውሃ የሚሸሽ የነበረው ቱቦ በውሃ ውስጥ በደንብ ይበተናል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ መልካም ነው፤ አራተኛው ግን ጉዳት ነው። አሲዱ ሲጠነክር ወይም ቅቅሉ ሲረዝም ቱቦው ይቆራረጣል፤ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ፍርስራሹም የተከፈተውን ቀዳዳ መልሶ ይዘጋል። ከዚህም በላይ እነዚያ ኦክሲጅን ያለባቸው ቡድኖች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ፣ ዱቄቱ ሲደርቅ ቱቦዎቹ ይበልጥ ይጣበቃሉ፤ ናይትሮጅኑም መግቢያ ያጣል። እንዲህ ሲሆን ገጹን ያሰፋል የተባለው አሲድ መልሶ ያጠበዋል። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው።

ገጹን አብዝቶ ለማስፋት ሲፈለግ ሌላ መንገድ አለ። ቱቦው ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተደባልቆ፣ አየር በሌለበት፣ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይጋላል። በዚያ ጊዜ የሚሆነው ለውጥ በአጭሩ ሲጻፍ 6 የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና 2 የካርቦን ድርሻዎች ተዋሕደው 2 ፖታሲየም፣ 3 የሃይድሮጅን ጋዝና 2 ፖታሲየም ካርቦኔት ይሰጣሉ። ከዚህ እንደምናየው ካርቦኑ ራሱ ይበላል፤ በተበላበትም ቦታ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል። ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦ በዚህ መንገድ ገጹ ብዙ እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ዋጋው ግን አለ፤ ከዱቄቱ ከፊሉ ጋዝና ጨው ሆኖ ይጠፋል፤ የቀረውም ቱቦ የቀድሞ ጥንካሬው አይኖረውም።

የእኛ ሙከራና የእኔ ስሕተት

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ «አሲድ ገጽን የሚያሰፋ ከሆነ የቤታችንንም ከሰል ይጠቅመዋል» ብዬ አሰብሁ። ሐሳቡ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ በከሰል ቀዳዳዎች ውስጥ አመድ አለ፤ አሲድም አብዛኛውን አመድ ያሟሟል። ጥፋቴ ግን ሙከራውን ሳልጀምር በደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ «ከዚህ የተነሣ አሲድ የከሰልን ገጽ እንደሚያሰፋ አረጋግጠናል» ብዬ መጻፌ ነው።

ከሰሉን በእናቴ ሙቀጫ ወቀጥሁት። (ለዚህ ይቅርታ የጠየቅሁ ቢሆንም የዚያ ሰሞን በርበሬ ጠቁሮ እንደ ነበር አልክድም።) ዱቄቱን በወንፊት ነፍቼ ለሁለት ከፈልሁት። አንዱን እንዳለ ተውሁት፤ ሁለተኛውን መምህራችን ባሉበት በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዘፍዝፈን አሳደርነውና ሊትመስ ወረቀት እስከማይቀላ ድረስ አጥበን አደረቅነው። ከዚያ በፋርማሲ የሚሸጠውን የቁስል አዮዲን ጥቂት ጠብታ በውሃ በጥብጠን ቡናማ አደረግነውና በሁለት ብርጭቆ እኩል ቀዳን። በአንዱ አንድ ግራም ያልታጠበ ከሰል፣ በሁለተኛው አንድ ግራም የታጠበ ከሰል ጨምረን፣ ዐሥር ደቂቃ አማስለን በወረቀት አጠለልነው። ውሃውን አብልጦ ያጠራው ከሰል ሰፊ ገጽ አለው ብለን ነበር።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ያልታጠበው ከሰል ውሃውን እንደ ምንጭ ውሃ አጠራው፤ የታጠበው ግን እንደ ቀጭን ሻይ አድርጎ ተወው። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ትርኢቱ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ጓደኛዬ «በብርጭቆዎቹ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብንለዋውጠው ማን ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሐሳብ ከእርሱ አስቀድሞ በእኔ ልብ ውስጥ ነበር። ወረቀቱንም በእጄ ይዤው ነበር። ይሁን እንጂ ወላጆቻችን የሚያዩት ነገር ሐሰት እንደሚሆን ሳስብ እጄ አልታዘዘኝም፤ ብርጭቆዎቹን እንዳሉ ይዘን ወደ ኬሚስትሪ መምህራችን ሄድን።

መምህራችን አልተቈጡም፤ አልሳቁብንምም። «ባልታጠበው ከሰል ውስጥ ያለ፣ በታጠበው ውስጥ ግን የሌለ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁን። «አመዱ ነው» አልናቸው። «እንግዲያውስ አመዱን ለብቻው ጠይቁታ!» አሉን።

ከምድጃ አመድ ወስደን በውሃ በጥብጠን አጠለልን። ጥሩውን የአመድ ውሃ ቀይ ሊትመስ ብንነክርበት ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ቡናማውን የአዮዲን ውሃ ብናፈስበት፣ አንዲት ቅንጣት ከሰል ሳይኖርበት፣ ቀለሙ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ! ምክንያቱም አመድ ፖታሲየም ካርቦኔትንና ሌሎች አልካላይ ነገሮችን ስለሚይዝ፣ አዮዲንም በአልካላይ ውሃ ውስጥ ቀለም ወደሌላቸው አዮዳይድና አዮዴት ስለሚለወጥ ነው። ከሁሉ ያስገረመን የሚቀጥለው ነው። በዚያው በጠራው ውሃ ላይ ጥቂት የአሲድ ጠብታ ብንጨምር ቡናማው ቀለም ተመልሶ መጣ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራችን የጠፋውን ቀለም ሁሉ ከሰሉ አልያዘውም ነበር፤ ከፊሉ መልኩን ለውጦ በውሃው ውስጥ ተደብቆ ነበር። እኛ ግን ገጽን የለካን መስሎን አመድን ለካን።

ከዚህ በኋላ የአዮዲኑን ውሃ አስቀድመን በአሲድ ቀላቅለን፣ አመዱ ሥራውን እንዳይሠራ አድርገን ሙከራውን ደገምነው። በዚህ ጊዜ የሁለቱ ከሰሎች ውሃ ተቀራረበ። የታጠበው ትንሽ የነጣ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ልዩነቱ በዓይን የሚፈረድበት አይደለም። በደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ አስቀድሜ የጻፍሁትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝሁት። ገጹን ግን አልቀደድሁትም።

ይህ ከናኖ ቱቦ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ይገናኛል። አሁን «በአንድ ግራም» የሚለውን ቃል እናስታውስ። ከምድጃ የወጣ አንድ ግራም የቱቦ ዱቄት አለን እንበል፤ በውስጡ 0.8 ግራም ካርቦንና 0.2 ግራም ብረት ቢኖር፣ የተለካውም ገጽ 240 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ የብረቱ ገጽ ከቁጥር ስለማይገባ 240ው ሁሉ የካርቦኑ ነው። አሁን በአሲድ ብረቱን ብቻ እናውጣ። የቀረው 0.8 ግራም ካርቦን ያንኑ 240 ካሬ ሜትር እንደ ያዘ ነው። በአንድ ግራም ሲሰላ ግን 300 ይሆናል። ቁጥሩ በሩብ ጨመረ፤ ነገር ግን አንድም ጫፍ አልተከፈተም፤ አንዲት ስንዝር አዲስ ገጽም አልተገኘችም! ይህን ያላስተዋለ ሰው «አሲዱ ገጹን በሩብ አሰፋው» ብሎ ይጽፋል። እኔም ከሰሉን ሳልመረምር እንዲሁ ጽፌ ነበር።

ስለዚህ በኬሚካል የታጠበ ቱቦ ስፋቱ ጨመረ ሲባል ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል። የጨመረው ክብደት ስለ ቀነሰ ነው? የተዘጋ ጫፍ ስለ ተከፈተ ነው? ወይስ ግድግዳው ስለ ተበላ ነው? ሦስቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሦስቱም ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማጽዳት ነው፤ ሁለተኛው በር መክፈት ነው፤ ሦስተኛው ቤቱን ራሱን እያፈረሱ ማስፋት ነው። ስፋቱ ሲቀንስም እንዲሁ መጣበቅ ነው ወይስ መፍረስ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። አሲዱ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ተብሎ በአንድ ቃል አይፈረድም፤ ጥንካሬው፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ፣ የቱቦውም ዓይነት ይወስነዋል።

በትርኢቱ ዕለት ያቀረብናቸው ሦስት ብርጭቆዎች እንግዲህ እነዚህ ነበሩ፤ ያልታጠበው ከሰል ያጠራው፣ የታጠበው ያጠራው፣ ሦስተኛውም ከሰል የሌለበት የአመድ ውሃ። አንድ አባት ረዘም ላለ ጊዜ ተመልክተው «ታዲያ ልጄ፣ አሲዱ ከሰሉን ጠቀመው ወይስ አልጠቀመውም?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ በእነዚህ ብርጭቆዎች ልፈርድ አልችልም፤ አመድ አሳስቶን እንደ ነበር ግን ላሳይዎት እችላለሁ» አልኋቸውና በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ የአሲዱን ጠብታ አንጠባጠብሁ። ቡናማው ቀለም ሲመለስ አይተው «እሰይ!» ብለው ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ይህን ሙከራ ብትቀጥሉት ደስ ይለኛል። ከሰልና አመድ በየቤቱ አለ፤ አሲድ ግን መምህር በሌለበት አትንኩ። ከሁሉ በላይ የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጽ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ባዶ አድርጋችሁ ጠብቁት።